የገጸ ባሕር ጅረትና የራዳር ምስል፤ ተረትና እውነታ

የመርከብ ራዳር በጨለማና በጉም ውስጥ የብስንና ሌሎች መርከቦችን ለመለየት የተሠራ ቢሆንም፣ ሊቃውንት ከምስሉ የገጸ ባሕርን ጅረት መገመት ከጀመሩ ወዲህ፣ ስለዚሁ ሥራ የሚነገረው ሁሉ ከእውነት ጋር የሚስማማ አይደለም።

ተረት፦ ራዳር ጅረቱን ራሱን ያያል።

እውነታ፦ ብዙዎቹ መርከቦች የሚይዙት ራዳር የሚልከው የራዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ወደ ቀላዩ ሳይዘልቅ፣ ነፋስ በውሃው ገጽ ላይ ከሚያስነሣቸው ጥቃቅን ሽብሽቦች ተመልሶ ይመጣል፤ ታላላቆቹ ማዕበሎችም ሽብሽቦቹን በአንድ ወገን እያበዙ በሌላው እያሳነሱ ስለሚያልፉ፣ በምስሉ ላይ ብሩህና ጨለማ መስመር ሆነው ይታያሉ። መርከበኛው እንደ እንከን ቆጥሮ ከራዳሩ ማሳያ የሚያጠፋው ይህ ምልክት ለተመራማሪው ዋና ምስክር ነው።

ተረት፦ ማዕበሉ በሚገሰግስበት ፍጥነት ውሃውም ይጓዛል።

እውነታ፦ በጥልቅ ባሕር ርዝመቱ 100 ሜትር የሆነ ማዕበል፣ ጅረት ባይኖር እንኳ፣ በሴኮንድ 12.5 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ውሃው ግን በቦታው ላይ ይዞራል እንጂ አብሮ አይነጉድም። የማዕበሉ ርዝመት፣ የባሕሩ ጥልቀትና የምድር ስበት የሚደነግጉት ይህ ፍጥነት አስቀድሞ በሒሳብ ስለሚታወቅ፣ ማዕበሉ ከዚህ ሕግ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ሲገኝ፣ ልዩነቱ የጅረቱ ሥራ ነው።

ተረት፦ ጅረቱን ለመገመት አንድ ምስል ይበቃል።

እውነታ፦ አንድ ምስል የማዕበሉን ርዝመት ያሳያል እንጂ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ አይገልጥም። ያንግ፣ ሮዘንታልና ዚመር በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ አንቴናው በዞረ ቁጥር የሚገኙት ምስሎች በተከታታይ ተደርድረው፣ ማዕበሎቹ በየርዝመታቸው፣ በየአቅጣጫቸውና በየድግግሞሻቸው በሒሳብ መለየት አለባቸው።

ተረት፦ ጅረቱን ከምስሎቹ የሚያሰላው ስልተ ቀመር የሰጠው ቁጥር የመጨረሻ ፍርድ ነው።

እውነታ፦ ስልተ ቀመሩ የሚፈልገው፣ ሕጉ በሚያዘውና ምስሉ በሚመሰክረው መካከል ያሉት ልዩነቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ፣ ድምሩ ከሁሉ የሚያንስበትን የጅረት ፍጥነትና አቅጣጫ ነው፤ ለዚህም በመጀመሪያ ኃይለኞቹን ማዕበሎች ብቻ ይዞ ይገምታል፣ ቀጥሎም ደካሞቹን እየጨመረ ግምቱን ያጠራል። ሆኖም ነፋሱ በሴኮንድ ከ3 ሜትር ገደማ ሲያንስ ሽብሽቦቹ ስለሚከስሙ ምስክር ይታጣል፤ ጥልቀቱ በስሕተት ከተሰጠ ወይም የመርከቡ የገዛ ጉዞ በትክክል ካልተቀነሰ ደግሞ፣ ስልተ ቀመሩ የሌላውን ጥፋት በጅረቱ ላይ ይጭናል። ትንሹ ድምር የሚያረጋግጠው መልሱ ከተሰጠው መረጃ ጋር መስማማቱን ብቻ ስለሆነ፣ ውጤቱን በውሃው ላይ ከሚንሳፈፉ መለኪያዎች ጋር ማመሳከር የሥራው አንዱ ክፍል ነው።