ብስክሌት ለቤተሰብ እንጀራ

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው በየታክሲ ተራው ሰልፉ ይረዝማል። ቴምሩን በፌስታል የያዘ አባት፣ ከሥራ የወጣች እናት፣ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ታክሲ ሲጠፋ በእግር መሄድ ነው፤ ሲገኝም ሒሳቡ ለአስቤዛ ከታሰበው ብር ላይ ይቀነሳል። ለዚህ ችግር ብስክሌት አንድ መልስ እንደሚሆን ጎረቤቶቻችን ካሳዩን ቆይቷል።

ኬንያና ዩጋንዳ በሚዋሰኑባት በቡሲያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጣቶች የብስክሌታቸውን የኋላ መጫኛ በትራስ እያለበሱ መንገደኛና ዕቃ ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ማመላለስ ጀመሩ። ተሳፋሪ የሚጠሩት «ቦዳ ቦዳ» እያሉ ነበር፤ ከድንበር ድንበር ማለታቸው ነው። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችና ገጠሮች ተስፋፍቶ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። ዛሬ ስሙን በአብዛኛው ሞተር ብስክሌት ወርሶታል። ሞተሩ ይፈጥናል፣ ሩቅም ይሄዳል፤ ነገር ግን ባለሞተሩ ከዕለት ገቢው አስቀድሞ የነዳጁን ይከፍላል። ሞተሩ የኪራይ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ድርሻ አለ። የራሱ ብስክሌት ያለው ሰው ለጎማና ለፍሬን ጥገና ጥቂት ካስቀመጠ የቀረው የቤቱ ነው።

በእኛም አገር ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳማ በመሆናቸው ለብስክሌት ይመቻሉ። የአዲስ አበባ ዳገት ግን በተለይ ፆመኛን ይፈትናል፤ ስለዚህ ሁሉም የሰፈሩን መንገድ አይቶ ይወስን። በረመዳን ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ እናትን እናስብ። ልጇ ከአዛን በፊት በብስክሌት ለየደንበኛው ቢያደርስላት ለባጃጅ የምትከፍለው እጇ ላይ ይቀራል።

የሚገዛ ቤተሰብ ከቀለሙ ይልቅ ፍሬኑን፣ ጎማውንና የኋላ መጫኛውን ጥንካሬ ይመልከት። መለዋወጫው በሰፈሩ መገኘቱንም ይጠይቅ። የኢፍጧር ሰዓት መኪናው የሚጣደፍበት፣ ብርሃኑም የሚደክምበት ነውና ያለ መብራት መውጣት አይገባም።

በዚህ ወር ለተቸገረ ቤተሰብ ዱቄትና ዘይት የምናቀርብ ብዙዎች ነን፤ ይህም ይቀጥል። ከዚያ ባለፈ ግን ጎረቤታሞች ተዋጥተን ሥራ የሚፈልግ ልጅ ላለው ቤት አንድ ጠንካራ ብስክሌት ብንገዛስ? ዱቄቱና ዘይቱ ከወሩ ጋር ያልቃል፤ ብስክሌቱ ከዒድ በኋላም ሥራ ላይ ይውላል።