የፀሐይ ኃይልና የባትሪ ልክ

ከፀሐይ የሚገኘውን ኤሌክትሪክ በባትሪ ማጠራቀም መልካም ነው። ነገር ግን ሆድ ልክ እንዳለው ሁሉ ባትሪም ልክ አለው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከመጠን በላይ ሲሞላ ውኃው ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ይለወጣል፤ ይህም ጋዝ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ታዲያ ሙላቱን የሚገታው ምንድን ነው?

ከመብራት ኃይል መስመር ርቆ የሚገኝ አንድ ቤት እንውሰድ። የሶላር ፓነሉ ኃይል በራሱ ኢንቨርተር አማካይነት ወደ ቤቱ መስመር ይገባል። ሌላው የባትሪው ኢንቨርተር ደግሞ ከቤቱ ፍጆታ የተረፈውን ወደ ባትሪው ያስገባል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ልዩ ሽቦ የግድ አያስፈልግም፤ መስመሩ ራሱ መልእክተኛ ነውና።

በመስመሩ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይኸውም 50 ኸርዝ ይባላል። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ የባትሪው ኢንቨርተር ምልልሱን በጥቂቱ፥ ለምሳሌ ወደ 51 ወይም ወደ 52 ኸርዝ ያፈጥነዋል። የፀሐዩ ኢንቨርተር ይህን ሲያውቅ የሚሰጠውን ኃይል ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ባትሪው ሲጎድል ምልልሱ ወደ 50 ይመለሳል፤ ኃይሉም እንደገና ይጨምራል።

ይህን ምልክት የማይታዘዝ ኢንቨርተር ግን ኃይሉን ቀስ ብሎ በመቀነስ ፈንታ በድንገት ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሁለቱ መሣሪያዎች መስማማታቸውን ጠይቆ ይረዳ።