ታንኳ ለምን አይሰምጥም?

በዚህ እትም በ"ዕውቀት ለሁሉም" ዓምዳችን ስለ ታንኳ እናወራለን። "እኛ ሐራ ተቀምጠን ታንኳ ምን ያደርግልናል? ወንዛችን በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ጎርፍ!" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን አብሽሩ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጨረሻ ላይ ስለ እኛው ወንዝ የምነግራችሁ ቁም ነገር አለ።

ባለፈው ጥር አጎቴ ወደሚኖርበት ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ከሐራ ወልድያ፣ ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ይህን የወልድያና የወረታ መንገድ ቻይኖች ስለሠሩት ሰዎች እስከ ዛሬ "የቻይና መንገድ" ይሉታል። አጎቴ በሞተር ጀልባ ላይ ረዳት ነው። በጥር ወር ባሕር ዳር ብዙ በዓል አለ። ጥምቀት አለ፣ አስተርእዮ ማርያም አለ፣ ከእነዚህ ጋር ደግሞ በጣና ላይ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር ይደረጋል። አጎቴ ውድድሩን ከሚረዱት ሰዎች አንዱ ስለነበር እኔንም "ነይ፣ ሥራ አለ" ብሎ ወሰደኝ። ያየሁትንና የጠየቅሁትን በተራ በተራ ልንገራችሁ።

፩. ታንኳ ምንድን ነው?

ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ቀጭንና ረጅም ጀልባ ነው። ደንገል በሐይቅ ዳር ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። አናቱ ላይ እንደ ጸጉር የተበተነ ነገር አለው። የጥንት ግብፆች ወረቀት የሚሠሩትም ጀልባ የሚሠሩትም ከዚሁ ተክል ነበር። በግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሳሉት የደንገል ጀልባዎች የጣናን ታንኳ በጣም ይመስላሉ።

በጣና ዙሪያ በታንኳ ሥራ የታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው። ውድድሩ የሚደረገው ደግሞ በጥምቀት ሰሞን ነው። አንድ አዛውንት ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። "አባባ፣ የክርስቲያን በዓል ላይ እርስዎም ይመጣሉ?" አልኳቸው። ሳቁና "ልጄ፣ ሐይቁ የሁላችን አይደል?" አሉኝ። እኔም "እንደኛ ወሎ ነው በሉኛ!" አልኩ።

፪. እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ደንገሉ ይታጨድና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥብ ደንገል ከባድ ስለሆነ አይሆንም። ከዚያ የደረቀው በነዶ በነዶ ይታሰራል። ነዶዎቹ አንድ ላይ ተጠብቀው ሲታሰሩ የታንኳው ሆድ ይሆናሉ። የፊተኛው ጫፍ እየቀጠነ ወደ ላይ ይቃናል። ውስጡ ላይ ደግሞ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረጋል፤ ሰውም ዕቃም የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ሚስማር የለም፣ ቀለም የለም፣ ፋብሪካ የለም። ያለው ደንገል፣ ገመድና እጅ ብቻ ነው።

አንዷን የደንገል ዘንግ እኔም በሁለት ጣቴ ሰብሬያታለሁ። ነዶውን ግን በጉልበቴ ተጭኜ እንኳ ላጎብጠው አልቻልኩም። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚባለው ለካ ለደንገልም ነው!

፫. ለምን አይሰምጥም?

እዚህ ላይ የሳይንስ መምህራችን ያስተማሩንን እፍግታ አስታውሱ። የውሃ እፍግታ 1 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ ያነሰ እፍግታ ያለው ነገር ይንሳፈፋል፣ የበለጠ ያለው ይሰምጣል። ደንገልን በምላጭ ብትቆርጡት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ በአየር የተሞላ። ስለዚህ ትልቅ ቦታ ይይዛል እንጂ ክብደቱ ትንሽ ነው። የእንጨት ጀልባ ቢቀደድና ውሃ ቢገባው ይሰምጣል። ታንኳ ግን ድሮውንም ውሃ ያስገባል፤ በነዶዎቹ መሀል ውሃ ይመላለሳል። የሚያንሳፍፈው በውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ሳይሆን ራሱ ደንገሉ ነው።

ይህን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ የደረቀ የማሽላ አገዳ ቁረጡና ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ይንሳፈፋል። በድንጋይ ተጭናችሁ ሦስት ቀን አሳድሩትና እንደገና ልቀቁት። አሁን ወደ ታች ወረድ ብሎ ይንሳፈፋል። ለምን? አየሩ እየወጣ ውሃ ስለገባበት ነው። ታንኳም እንደዚሁ ነው። ብዙ ቀን ውሃ ላይ ከቆየ ይጠጣና ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ታንኳዎቹ ሥራ ሲጨርሱ ወደ ዳር አውጥተው ያደርቁታል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ያረጀውን ትተው አዲስ ይሠራሉ።

፬. ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር

ዘጌ በጣና ደቡብ በኩል ያለች፣ በቡና ጫካና በጥንት ገዳማት የታወቀች ልሳነ ምድር ናት። ለውድድሩ የሚመጡ ታንኳዎች ስለነበሩ አጎቴና እኔ በዋዜማው በሞተር ጀልባ ወደዚያ ሄድን። ስንመለስ እኔ ከአንድ ጎበዝ ቀዛፊ ጋር በታንኳ፣ አጎቴ ደግሞ በሞተር ጀልባው ሆኖ ከኋላችን በሩቁ እየተከተለን መጣን። እርግጥ የነፍስ አድን ሰደርያ ለብሼ ነው! ያለሱ አጎቴ እግሬን እንኳ አያስነሳኝም ነበር።

የተነሣነው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ለምን ማልዳችሁ ትሉኛላችሁ? ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት የረጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበል ይመጣል። ሞተር ጀልባው በአንድ ሰዓት ግድም የሚጨርሰውን መንገድ እኛ ግማሽ ቀን ፈጀንበት። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ውሃውን ይገፋል። አንድ ሕግ ብቻ ነገረኝ፦ "ቁጭ በይ፣ አትነሺ!" ምክንያቱም ታንኳው ጠባብ ነው። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ታንኳው ይረጋል። ሲቆም ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በትንሽ መንቀጥቀጥ ይገለበጣል። ቀዛፊው ራሱም የሚቀዝፈው ተቀምጦ ነበር።

እግሬ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ድምፅ ግን የለም። ነጫጭ ወፎች አጠገባችን ሲያርፉ እንኳ አይበሩም። ክብራን የምትባለውን ደሴት አልፈን ወደ ባሕር ዳር ስንጠጋ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ራቅ ብለን አለፍን።

ስለ ጣና ትንሽ ቁጥር ልጨምር። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ 37 ደሴቶች አሉት ይባላል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። የኛው ጎረቤት፣ ደሴ ሳይደርስ ያለው የሐይቅ ከተማው ሐይቅ፣ በስፋት ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። ገረማችሁ አይደል? ትንሽ የሚመስል ውሃ ሁሉ ጥልቅ አይደለም ብላችሁ እንዳትደፍሩ።

፭. በበዓሉ ላይ የረዳነው ሥራ

ውድድር ማለት ቀዛፊዎች ብቻ ይመስለን ይሆናል። ከኋላ ያለው ሥራ ግን ይበዛል። እኔ ያየሁት ይህን ነው፦

ሀ. ታንኳ መፈተሽ። ሁለት ሰዎች ከሁለቱም ጫፍ ያነሡታል። ውሃ የጠጣ ከሆነ ይከብዳቸዋል፤ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ማሰሪያው የላላውም ይጠበቃል።

ለ. ሰደርያ ማደልና መቁጠር። ይህ የእኔ ሥራ ነበር። ስሰጥ እቆጥራለሁ፣ ስቀበል እቆጥራለሁ። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ ውሃው ላይ የቀረ ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ አጎቴ "ያንቺ ደብተር ከዋንጫው ይበልጣል" አለኝ።

ሐ. ሞተር ጀልባዎችን ማራቅ። ሞተር ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ሞገድ ታንኳን ይገለብጣል። ስለዚህ አጎቴና ጓደኞቹ በመስመሩ ዳር ቆመው "ቀስ! ቀስ!" ይላሉ።

መ. ገመድ ይዞ መጠበቅ። በየቦታው ገመድ የያዘ ሰው አለ። አንድ ቀዛፊ ተገልብጦ ነበር። ማንም ዘሎ አልገባም! ገመድ ወረወሩለት፣ ያዘ፣ ጎተቱት፣ ወጣ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ታንኳውም አልሰመጠም፤ ተገልብጦ ተንሳፎ ቆየ።

ሠ. ዳሩን ማጽዳት። ሕዝቡ ሲሄድ የፕላስቲክ ጠርሙስ በማዳበሪያ ሞልተን አወጣን።

በነገራችን ላይ በዓልን በጀልባ ማክበር የጣና ብቻ አይደለም። በባቱ ከተማ፣ በደንበል ሐይቅም በጥምቀት ታቦታት በጀልባ ይሄዳሉ። የጥምቀት በዓል ራሱ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

፮. ውቅያኖስ የገባው የጣና ደንገል

ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። "የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀ። በ1961 ዓ.ም. ከጣና በተወሰደ ደንገል "ራ" የሚባል ትልቅ ጀልባ አሠራ። የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሰባት ሰዎች ሆነው ከሞሮኮ ተነሥተው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዱ። ግን የኋላው ክፍል እየዘቀጠ ስለሄደ ሳይደርሱ ጀልባዋን ትተው ወጡ። በዓመቱ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ በደቡብ አሜሪካ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የሠሯት ሁለተኛዋ "ራ" በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። በአገራችን ረግረግ ላይ የበቀለ ተክል ውቅያኖስ ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው!

፯. ደንገሉስ?

አዛውንቱን "አባባ፣ ልጆችዎ ታንኳ ይሠራሉ?" ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ደንገሉ ሲኖር አይደል" አሉኝ። ረግረጉ እየታረሰ ደንገሉ ያለበት ቦታ ጠብቧል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባል መጤ አረም በጣና ላይ ታየ። እምቦጭ በፍጥነት እየተባዛ የውሃውን ፊት ይሸፍናል፣ ለጀልባም ለዓሣም መንገድ ይዘጋል። ደንገል ለታንኳ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ዓሣ በሥሩ ይራባል፣ ወፎች ይጠለሉበታል፣ ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል ያጣራል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የባሕር ዳር ልጆች ብቻ አይደለም።

፰. ለእኛ ለሐራ ልጆች

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ታንኳ የለንም፣ ጎርፍ ግን አለን። ክረምት ሲመጣ ብዙዎቻችን ወንዝ ተሻግረን ነው ትምህርት ቤት የምንመጣው። አባቶቻችን "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ይላሉ። ከጣና የተማርኩትን ለእኛ እንዲሆን አድርጌ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

አንደኛ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ደጋው ከጠቆረ ወንዙን አትመኑት። የደጋው ዝናብ ወደኛ የሚወርደው በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃው ከደፈረሰና ቅርንጫፍ ይዞ ከመጣ አትሻገሩ። የእኛ ጎርፍ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይጎድላል። አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያመልጣችሁ ከጓደኛ ደብተር ይገለበጣል።

ሦስተኛ፣ ጓደኛችሁ ቢወድቅ ዘላችሁ አትግቡ። ጮኻችሁ ትልቅ ሰው ጥሩ። ገመድ፣ ረጅም ዱላ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ጀሪካን በአየር ስለተሞላ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ ሰውም ይይዛል።

አራተኛ፣ ስትሄዱም ስትመለሱም ተቆጠሩ። አብራችሁ የሄዳችሁት ስድስት ከሆናችሁ ስድስት ሆናችሁ ግቡ።

ክበባችን ከቀይ መስቀል ክበብ ጋር ተነጋግሯል። ክረምቱ ሳይገባ በመሻገሪያው አጠገብ ባለው ቤት አንድ ረጅም ገመድና ሦስት ባዶ ጀሪካን እንዲቀመጥ እንፈልጋለን። ቤቱ ፈቅዷል፣ ጀሪካኑም ተገኝቷል፤ የጎደለን ገመዱ ነው። ውድ መምህራንና ወላጆች፣ ገመድ ያላችሁ ለክበባችን ተጠሪ መምህር ስጡልን። አንድ ገመድ አንድ ልጅ ነው።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ አንድ ድንጋይ በባዶ ጀሪካን ላይ ታስሮ ውሃ ውስጥ ቢጣል ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል? መልሱ በምን ይወሰናል? መልሳችሁን እስከ ዓርብ በጥያቄ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱ። ትክክል የመለሱትን ስም በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ እናነባለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ!