የጠፋ ድምፅ ተመልሶ ይመጣልን?

የፀረ ኤድስ ክበባችሁ አጭር ድራማ አዘጋጅቶ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሊያሰማ ነው እንበል። ማጀቢያው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ የኤም ፒ 3 ሙዚቃ ነው። የእረፍት ደወል ተደወለ፤ ድራማው ተጀመረ። ግን ምን ዋጋ አለው? ሙዚቃው ይንሿሿል፣ ንግግሩ ይታፈናል፣ “የደም ምርመራ” የሚለው ቃል እንኳ በቅጡ አይሰማም። ተማሪው ጥቂት አዳምጦ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት አይደል?

“ታዲያ ድምፁን ማሻሻል አይቻልም ወይ?” ትሉ ይሆናል። ይቻላል። በቅድሚያ ግን ድምፁ እንዴት እንደሚጎዳ እንወቅ።

የሙዚቃ ሲዲ ድምፅን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። ይህም በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። በዚህ ስሌት የ4 ደቂቃ ዘፈን 42 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ኤም ፒ 3 ይህን ለማሳነስ የተፈጠረ የማመቂያ ዘዴ ሲሆን፣ በሥራው ላይ የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ያው ዘፈን በ128 ኪሎ ቢት ሲታመቅ 4 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከባድ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ የጓደኛችን ንግግር ይጠፋብናል። ጓደኛችን ግን መናገሩን አላቆመም፤ ጎላ ያለው ድምፅ አነስተኛውን ስለሸፈነው ነው። ኤም ፒ 3ም ይህንኑ የጆሮ ጠባይ ተጠቅሞ “አይሰማም” ብሎ የገመተውን ይጥላል። የኪሎ ቢቱ መጠን እያነሰ ሲሄድ ግን የሚሰማውንም መንካት ይጀምራል። 128 ላይ ብዙውን ጊዜ ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ይቆረጣል። የወጣት ጆሮ ደግሞ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ሊሰማ ይችላል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ የተጣለው ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። አንዳንዶቻችን በ128 የታመቀውን ፋይል ወደ 320 ቀይረን የተሻሻለ ይመስለናል። ይህ በስኒ ያለውን ቡና ወደ ጣሳ እንደመገልበጥ ነው፤ ዕቃው ተለቀ እንጂ ቡናው አልበዛም። እንዲያውም እንደገና በታመቀ ቁጥር ሌላም ነገር ይቀነሳል። ፋይሉን እንዳለ ኮፒ ማድረግ ግን ጉዳት የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ከምንጩ ጀምሩ። ሙዚቃውን ከዋናው ሲዲ ወይም ከባለቤቱ ተፈቅዶ ከተገኘ ጥራት ያለው ፋይል ውሰዱ። 192 ኪሎ ቢትና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ሰው ከሲዲው ለመለየት ይቸገራል።

2. አንድ ጊዜ ብቻ አምቁ። ቀረጻውንም ሆነ ቅንብሩን ባልታመቀው “ዌቭ” ፋይል ሥሩ፤ ወደ ኤም ፒ 3 የምትቀይሩት ሁሉም ካለቀ በኋላ ይሁን።

3. ቤዝ አትጨምሩ። ድምፁ ከጣሪያው ሲያልፍ ይሰነጠቃል። በኢኳላይዘር የጎደለውን ከመጨመር የበዛውን መቀነስ ይሻላል። የትምህርት ቤት የጥሩንባ ቅርጽ ያለው ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፅ ማውጣት ስለማይችል ቤዙ ንግግሩን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም።

4. ሲነገር ሙዚቃው ዝቅ ይበል። መጋረጃና ዕቃ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ማይኩን ወደ አፍ አቅርባችሁ ቅረጹ። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ! ድምፁ ጥራት ስለጎደለው ብቻ የጆሮ ማዳመጫችሁን እስከ መጨረሻው አትክፈቱት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል፤ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን ከ4 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ፋይሉ ከተበላሸ ሌላ ይፈለጋል፤ የተጎዳ ጆሮ ግን ከየት ይመጣል?

በመጨረሻም፣ መረጃም እንደ ድምፅ ነው። ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አንዱ ይቆርጥለታል፣ ሌላው ይጨምርበታል። “ኤች አይ ቪ በወባ ትንኝ ይተላለፋል” የሚለው ሐሰተኛ ወሬ የሚዛመተው እንዲህ ነው። ቫይረሱ በትንኝ አይተላለፍም። ስለዚህ የክበባችሁን መልእክት ጽሑፍ ከመቅረጻችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱና ባለሙያ ያንብበው። ለሙዚቃው ዋናውን ቅጂ ከፈለግን ለሕይወታችንማ እንዴት አንፈልግም?

መልካም ቀረጻ!