ሎደር ያለው ትንሽ ትራክተር ስንት ኩንታል ያነሳል?

በቆሎ ለመጫን ትንሽ ትራክተር ከነሎደሩ ልትገዙ ያሰባችሁ ዩኒየኖች፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን እዩ።

ወረቀቱ “500 ኪሎ ያነሳል” ስላለ 5 ኩንታል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚለካው ክንዱ ጫፍ፣ ፒኑ ላይ ነው። ጆንያው ግን ከፒኑ ወደፊት ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከፒኑ 50 ሳንቲ ሜትር ወደፊት፣ ያውም በሙሉ ከፍታ ስንት እንደሚያነሳ ጠይቁ። ሹካውና ፓሌቱም ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ። 5 የተባለው 3 ኩንታል ቢደርስ ነው።

ከፍታውም እንደዚያው የፒኑ ነው፤ ባልዲው ሲደፋ አፉ ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል። የአይሱዙውን ወለልም ስፖንዳም በሜትር ለኩ።

ለላንቴና ለጫኖ ሙዝ ግን የጫኝ እጅ ይሻላል፤ ሙዝ ከተመታ ዋጋ የለውም።

ከኋላ ማመጣጠኛ ክብደት ሳይታሰር አታስነሱ፤ የኋላ ጎማው ይነሳል።