ፊደልን ማዜምና ፊደልን ማወቅ

ፊደል የዕውቀት በር ነው። ነገር ግን በበሩ ፊት ቆሞ ማዜም አንድ ነገር ነው፤ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ መግባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችን በአንደኛ ክፍል ከሁለቱ የትኛውን እንዳደረጉ ለይቶ ማወቅ የአስተማሪ ሥራ ብቻ ሳይሆን የእናትና የአባትም ሥራ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ገጽ ጥቂት ነገር ልናሳስብ ወደድን።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ በሊቦ ከምከም ወረዳ፥ በአዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት አሞሌ ጨውና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የሚለወጥባት ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበረች። በገበያ አገር ያደገ ልጅ መቍጠርን ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳያስበው ይለምደዋል። ንባብ ግን እንዲሁ አይለመድም፤ የሚያሳይ ሰውና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

በአንደኛ ክፍል የሚደረገውን እንመልከት። ሕፃናቱ ጠዋት ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። አስተማሪዋ በሰሌዳው ላይ ከ«በ» እስከ «ቦ» ያለውን በጠመኔ ጽፋ ታነባለች፤ እነርሱም በአንድ ድምፅ ይከተሏታል። ቀጥለው ፊደሉን በጣታቸው በአየር ላይ፥ ከዚያም በእርሳስ በደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የሒሳብ ሰዓት ሲደርስ ጠጠርና ቆርኪ አውጥተው ይደምራሉ፥ ይቀንሳሉ። ይህን ሲያደርጉ ያየ ሰው ሁሉም ዐውቀዋል ብሎ ደስ ይለዋል።

ነገር ግን አስተማሪዋ «ቤ»ን ብቻዋን ነጥላ ስትጠቁም ያ ሁሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። አንዳንዱ ሕፃን ከ«በ» ተነሥቶ፥ ቡ፥ ቢ፥ ባ እያለ ካልመጣ በቀር «ቤ»ን ሊያገኛት አይችልም። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ዜማውን ያዘ እንጂ ፊደሉን ገና አልለየውም። ጓደኞቹ ሲጮኹ አብሮ ስለሚጮኽ ጕድለቱ ሳይታወቅ ወሩ ያልቃል፤ ዓመቱም ያልፋል።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34 የሚሆኑት በቋንቋቸው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ሊያነብቡ አልቻሉም። እነዚህ ሕፃናት ትምህርት ቤት ያልገቡ አልነበሩም፤ ሁለት ዓመት የተመላለሱ ነበሩ።

የጥንት መምህሮቻችን ይህን ችግር ዐውቀው መድኃኒቱን አዘጋጅተውለት ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደሉን በተራው ከጨረሰ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። በዚህ ጊዜ «አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ» እየተባለ ተራው ሁሉ ይለወጥበታል፤ አንዱ ከግእዝ፥ ሁለተኛው ከካዕብ፥ ሦስተኛው ከሣልስ እየተነሣ ይመጣል። ስለዚህ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ ዐይኑ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። መምህሩም ወይም ቀደም ብሎ የተማረው ታላቅ ተማሪ በስንደዶ እየጠቆመ ይጠይቀዋል።

ይህንን ጥበብ በቤት ውስጥ ማድረግ ለማንም አይከብድም። ማታ ከእራት በፊት ልጅዎን ከአጠገብዎ አስቀምጠው ደብተሩን ያስገልጡት፤ ከዚያም በተራ ሳይሆን ከመካከል፥ ከታች፥ ከላይ እያሉ አንድ አንድ ፊደል ይጠቁሙት። አምስት ፊደል ለአንድ ማታ ይበቃል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቢሆኑም ልጁ ሁሉንም እንደ እንግዳ ሊይዛቸው አይገባም። «ሰ»ን ያወቀ በራሷ ላይ ሰረዝ ሲጨመር «ሸ» እንደምትሆን፥ «ነ»ም «ኘ»፥ «ደ»ም «ጀ» እንደሚሆኑ ያሳዩት። «ቡ»ና «ሱ» በቀኝ ጎናቸው፥ «ቢ»ና «ሲ» በእግራቸው ምልክት እንዳላቸው፥ «ቤ»ና «ሴ» ደግሞ በእግራቸው ቀለበት እንዳላቸው ራሱ ፈልጎ ያግኝ።

ማንበብ ያልተማረች እናትም «እኔ ምን ዐውቄ» ብላ ወደ ኋላ አትበል። ልጇ ፊደሉን በአመድ ወይም በአፈር ላይ እየጻፈ ስሙን እንዲነግራት፥ ታላቅ እኅቱ ወይም ወንድሙም እንዲያርመው ታድርግ። ሒሳቡንማ ከማንም ይልቅ እርስዋ ታውቀዋለች። ከሰፌዱ ላይ 10 ሽምብራ ቈጥራ፥ 3ቱን በእጇ ሸሽጋ «ስንት ቀረ?» ብላ ብትጠይቀው የአስተማሪዋን ሥራ ሠራች ማለት ነው። ልጁ ሲሳሳት ግን ቍጣና ኵርኵም አይገባም፤ የፈራ ልጅ የሚያውቀውንም ይረሳልና።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የገበያ ቀን በደረሰ ቍጥር፥ አዝመራ በመጣ ቍጥር፥ ወይም ውሃ የሚቀዳ በጠፋ ቍጥር ልጅን፥ ይልቁንም ሴት ልጅን፥ ከትምህርት ማስቀረት ፊደልን በየመካከሉ መቍረጥ ነው። «በ»ን በተማሩበት ቀን የቀረች ልጅ በማግሥቱ «ተ»ን ስትማር የትናንቱን ማንም አይመልስላትም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀው ነበር። የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት የተረሳ ፊደል ግን አብሮት አይከፈትም፤ እንደ ገና ከ«ሀ» መጀመር ይሆናል። ስለዚህ በክፉ ቀንም ሆነ በደግ ቀን፥ በየማታው አምስት ፊደልና አንድ እፍኝ ሽምብራ ከልጅ አጠገብ እንዳይጠፉ ያስፈልጋል።

ይህን ገጽ ለማንበብ የታደላችሁ ሁሉ ማንበብ ላልቻሉት ጎረቤቶቻችሁ ንገሩ። ዛሬ ማታም ልጃችሁን ጠርታችሁ «ቤ»ን ብቻዋን ጠይቁት። ቢመልስ አመስግኑት፤ ባይመልስም ጊዜው ገና ነውና ደስ ብሏችሁ ከጎኑ ተቀመጡ።