ሴባስቶፖልን ለልጅ ስንተርክ

አያት የሆነ ሰው ሁሉ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ለልጅ ልጆቹ መንገር ይወዳል። ደብረ ታቦር ላደግን ሰዎች ደግሞ ታሪኩ የሚጀምረው ከመቅደላ ሳይሆን ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከጋፋት ነው። የእኔዎቹ ልጆች ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሴባስቶፖል ስንት ሰው ገደለ?» ልጅ መድፍን የሚመዝነው በተኩሱ ነው። ለእኔ ግን ከተኩሱ ይልቅ አሠራሩና ጉዞው የበለጠ ያስተምራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ደጃች ካሣ ሳሉ፣ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው መድፍ ሠራዊታቸውን ምን እንዳደረገው በዓይናቸው አይተዋል። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላም ያ ትዝታ አልለቀቃቸውም። መሣሪያ መግዛት ብቻ ሳይሆን እዚሁ አገር ቤት ማሠራት ፈለጉ።

በዚያ ዘመን በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪስቾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ሙያተኞች ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከእነርሱ አንዱ ነው። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም በጋፋት ሠርቷል። ሚስዮናውያኑ የመጡት በሙያቸው እየኖሩ ወንጌል ሊያስተምሩ ስለነበር፣ ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው ሙያችን አይደለም አሉ። ንጉሡ ግን እምቢታን የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። በጋፋት ምድጃ ተሠራ፤ የአገሬው ሰዎችም አብረው ሠሩ። የፈረንጆቹ ስም በመጽሐፍ ሲቀር የአብዛኞቹ የእኛ ሰዎች ስም ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ብረት ማቅለጥ ለአገራችን ቀጥቃጮች አዲስ ነገር አይደለም፤ ቶን የሚመዝን ነገር በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምድጃው ያን ሁሉ ሙቀት የሚችል ጭቃ ይፈልጋል። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ የፈላው ብረት ይፈነዳል፤ አፈሳሱ መሀል ላይ ከተቋረጠም ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከብዙ ሙከራ በኋላ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር ነው፤ የሚፈነዳ ጥይት ወደ ላይ አጉኖ ከምሽግ በላይ ለመጣል የታሰበ መድፍ ነበር። ስሙን ያገኘው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ ነው።

መድፉ ተሠራ፤ አሁን መጓጓዝ አለበት። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው፣ የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። መንገድ ስላልነበረ እየቆፈሩ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ መድፉን በጋሪ ላይ በጠፍር እየጎተቱ ነበር የሚሄዱት። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ይህ ሸክም ግን ለብዙዎቹ ጎታቾች ጌጥ አልነበረም።

ለልጆች የምንዘልለው ክፍል ይሄ ነው። በዚያ ጊዜ አብዛኛው አገር በንጉሡ ላይ ሸፍቷል። ሠራዊቱ የሚበላው ከበጌምድር ገበሬ ጎተራ ነበር። ደብረ ታቦርም ንጉሡ ለቀዋት ሲሄዱ ተቃጥላለች። ስለዚህ የእኛ አካባቢ ሰው ቅድመ አያቶቹን ሲያስብ መድፉን በሠሩትም፣ ጎተራቸው በተራቆተባቸውም ወገን ያገኛቸዋል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት፣ የታሰሩባቸውን ሰዎች ለማስፈታት የመጡት እንግሊዞች እሮጌ ላይ ገጠሙ። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእኛ ሰዎች ወደቁ። ከተራራው አናት የተተኮሱት መድፎች ጠላትን ብዙም አልጎዱም፤ ሴባስቶፖልም የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በገዛ እጃቸው አለፉ። የጋፋት ፈረንጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሲሄዱ ምድጃውም ቀዘቀዘ።

ለእኔ ትልቁ ቁጭት ይህ ነው። ሙያው በአንድ ሰው ፈቃድና በትእዛዝ ላይ ስለቆመ፣ ሰውዬው ሲወድቁ አብሮ ወደቀ። በዚያው ዘመን ጃፓኖችም መድፍ መሥራት ሲማሩ ነበር፤ እነርሱ ግን ትምህርቱን ለተከታዩ ትውልድ አወረሱት።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውን ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ታገኙታላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደጎተተው፣ የማን እህል እንደተበላበት ንገሯቸው። ንጉሡን ለመውደድ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ልጅም ሙሉውን ታሪክ ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ ይበልጣል።